የእትዬ ኑርሀያት ራዲዮ

መጋቢት 19 ቀን 1980፣ ሰኞ፣ ሐይቅ

የእትዬ ኑርሀያት ራዲዮ ትናንት ዝም አለ። የገደልኩት እኔ ነኝ። እዚህ እውነቱን ልጻፍ እንጂ ለእሳቸውስ የነገርኳቸው ሌላ ነው።

የባትሪ ድንጋይ ከኅብረት ሱቁ ከጠፋ ሁለተኛ ወሩ ነው። ያሏቸውን አራት ድንጋዮች ሳምንቱን ሙሉ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ያስመቷቸውና እሑድ ያወርዷቸዋል። እሑድ በስምንት ሰዓት የወታደሮች ሰላምታ ይነበባል። ልጃቸው ሐሰን በጥር ከዘመተ ወዲህ አንድም እሑድ አምልጧቸው አያውቅም፤ አንድም እሑድ ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። የራዲዮው ድምፅ እየሰለለ ሲመጣ እኔ፣ የራዲዮ ጠጋኝ ልጅ ነኝ ባይዋ፣ "ቆይ፣ እኔ አውቅበታለሁ" ብዬ ድንጋዮቹን በምስማር በሳሁና የጨው ውሃ አጠጣኋቸው። አባቴ ውጫሌ ሱቁ ውስጥ እንዲህ ያደርግ ነበር። እሱ ግን ቀዳዳውን በሰም ይደፍናል። እኔ ሰሙን ረሳሁት። ዛሬ ስከፍተው የጨው ውሃው ድንጋይ ማስቀመጫው ውስጥ ፈሶ ሞላዎቹን አረንጓዴ አድርጓቸዋል።

"አርጅቶ ነው እትዬ" አልኳቸው።

"አብሽሪ። አንቺ እያለሽልኝ ምን ቸገረኝ" አሉ።

የምኖረው እሳቸው ግቢ ነው። እናትና አባታችን በሰባ ሰባቱ ረሀብ ሲያልፉ ታናሽ ወንድሜን አስረስን ይዤ ከአምባሰል ስመጣ በር የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። ሽንኩርትና በርበሬ ቸርችረው ሦስት ልጅ አሳደጉ ቢባል ይሻላል፤ አንዱ የራሳቸው ሐሰን፣ ሁለቱ እኛ። እንግዲህ ራዲዮውን ያበላሸሁት የእኚህን ሴት ነው።

መጋቢት 21፣ ረቡዕ

ቀበሌ ስብሰባ ሙሉ ቀን። ጸሐፊዋ እኔ ነኝና ቃለ ጉባኤ እኔው። እጄ ዝሏል። ድንጋይ ጠየቅኩ፣ የለም። ሞላዎቹን በሎሚ አሸሁ። ምንም።

መጋቢት 25፣ እሑድ

ስምንት ሰዓት ሲሆን እትዬ ኑርሀያት ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ራዲዮውን ከነጥልፍ ልብሱ ጭናቸው ላይ አድርገው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። የማይሠራውን ራዲዮ። እንዳያዩኝ ብዬ ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከተቀመጡ በኋላ "አልሃምዱሊላህ" ብለው ተነሱ።

ከሰሜን የሚመጡ ሾፌሮች አንድ ነገር በሹክሹክታ ያወራሉ። ብዙ ልጅ አልቋል ይላሉ። እትዬ ኑርሀያትም ገበያ ላይ ሳይሰሙ አይቀሩም። ስለዚህ ነገሩ የራዲዮ ብቻ አይደለም፤ ሐሰን አለ ወይስ የለም፣ እሱን የሚነግራቸው ይህ ሳጥን ብቻ ነው። ሰም ብደፍንበት ኖሮ! አንዲት ፍሬ ሰም። ሌሊቱን ሙሉ ይህችን ሰም ሳስብ አድራለሁ።

መጋቢት 28፣ ረቡዕ

የአባቴን ጣሳ ከአልጋ ስር አወጣሁ። ካቻቢቴው፣ መበየጃው፣ ለመበየጃ የሚቀልጠው ትንሽ ቁራጭ ስታኞ፣ ሁሉም አለ። አባቴ ለደንበኛ ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ "ከድንጋዩ ጀምር፣ ሞላውን እይ፣ ሽቦውን ተከተል፣ ማብሪያውን ፈትን። ሰው ግን ከሩቅ ይጀምርና ዓይኑ ስር ያለውን ያልፈዋል።"

ሞላው ጸድቷል። ማብሪያውን ሳዞረው ቀጭ ይላል። ድንጋዩ ግን የሞተ ስለሆነ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ መለየት አልችልም። የደሴ መስመር ሾፌሩ ስህን አራት አዲስ ድንጋይ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል።

አስረስ ስሠራ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። "እኔ የማይገባኝ" አለ፣ "ለእናቱ አንድ የሆነ ይቅር ተብሎ አልነበር? ሐሰን እንዴት ተጻፈ?" ሁለቱ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር ላይ ነበሩ። "ቀበሌው ነዋ የሚያውቀው" አልኩት። የዘማቾቹን ዝርዝር እኔ ገለበጥኩት እንጂ እኔ አላወጣሁትም።

ሚያዝያ 2፣ ፋሲካ

እንደ ልማዳችን ለእትዬ ኑርሀያት በሕይወት ያለች ዶሮ ወሰድኩላቸው፤ በእነሱ ወግ ያሳርዷታል፣ ሁላችንም በየፈርጃችን እንፈስካለን። ዘንድሮ ክንፏን ዳሰስ አድርገው ለቀቋት። "ሐሰን ሲመጣ ትታረዳለች" አሉ። አሁን ግቢው ውስጥ ትዞራለች። አስረስ "የሐሰን ዶሮ" ይላታል። እኔ እንዳላያት ፊቴን አዞራለሁ፣ እሷ ደግሞ እየተከተለች እግሬ ስር ትጭራለች።

ሚያዝያ 6፣ ሐሙስ

ዘይት ለመቀበል ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ ቢሮዬ መስኮት ስር ቆማ ስታወራ ሰማሁ። "የኑርሀያትን ልጅ ያስበላ ሊቀመንበሩ ውበቱ ነው።" ሌላዋ፦ "ጸሐፊዋስ?" "እሷ ምን ታድርግ? ያሏትን ነው እምትጽፍ።"

ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ።

ሚያዝያ 10፣ ሰኞ

ረመዳን ገባ። ስህን ድንጋዩን አመጣ፤ ጎረቤት ስለሆነ ዋጋውን ሳይጨምር ሰጠኝ። በሩጫ ከተትኩት፣ ማብሪያውን አዞርኩት።

ጸጥ።

እንግዲህ ጥፋቱ ድንጋዩ አይደለም። ውስጥ ገብቷል። እትዬ ኑርሀያት ሲያፈጥሩ ለእኛም ሾርባ ላኩልን። ጾመኛ እሳቸው፣ በሊታ እኛ።

ሚያዝያ 16፣ እሑድ

ይህን ቀን እንዳለ መጻፍ አለብኝ፣ ካልጻፍኩት ያሳብደኛል።

እትዬ ኑርሀያት ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ለቅሶ ሄደዋል። አስረስ ኳስ ሜዳ ነው። ራዲዮውን ጠረጴዛ ላይ በትኜ አባቴ እንዳለው ሽቦውን በጣቴ ተከተልኩ። ከድንጋይ ማስቀመጫው የሚነሳው ቀይ ሽቦ ላዩ ደህና ነው፤ ትንሽ ሳብ ሳደርገው ከሥሩ መጣ። ጨዉ ከስር በልቶት ነበር፣ ልባሱ ብቻ ነው የያዘው። መበየጃውን ከሰል ውስጥ አግዬ፣ ጫፉን ልጬ፣ በስታኞ ያዝኩት። የሩብ ሰዓት ሥራ። አራት ሳምንት የፈጀሁት ለዚህ ነው!

ማብሪያውን ስነካው ጮኸ። ስምንት ሰዓት አልፎ ነበርና ሰላምታው እየተነበበ ነው። አንድ የሐረር ልጅ፣ አንድ የጎጃም ልጅ። ሦስተኛው፦

"ወታደር ሐሰን ከሐይቅ። ለእናቴ ለወይዘሮ ኑርሀያት፦ እግሬን ትንሽ ተመትቼ ነበር፣ ድኛለሁ፣ አታልቅሺ። ለጓደኛዬ ለአስረስ፦ ያንተን ተራ እኔ ይዤልሃለሁ፣ ትምህርትህን ጨርስልኝ። እህትህን ተሻለችን አልተቀየምኳትም በላት።"

አንባቢው ወደ ሌላው ስም አለፈ። እኔ ማብሪያውን አጠፋሁት።

አለ! ሐሰን አለ! መጀመሪያ ያሰብኩት ይህን ነው፣ እውነቴን ነው፣ ይህን ያሰብኩት አንዲት ደቂቃ ለሚያህል ነው። ከዚያ ተሻለች የሚለው ስሜ በራዲዮ እንደተጠራ ገባኝ። ያውቅ ነበር ማለት ነው። ለካ ያን ቀን የትምህርት ቤት ደብዳቤ ማኅተም ሊያስመታ ቢሮ መጥቶ ጠረጴዛዬ አጠገብ ሲቆም ሁለቱን ወረቀት አይቷል። አይቶ ምንም ሳይል ሄደ። በበነጋታው ሲጠሩትም ምንም አላለ።

ወደ ማታ እትዬ ኑርሀያት ሲመለሱ ገና በሩ ላይ ሆነው "እንዴት ሆነልሽ?" አሉኝ።

"ገና ነው እትዬ።"

"አይዞሽ። ደክሞሻል፣ ፊትሽ ተለውጧል" አሉና ውሃ አመጡልኝ። ጠጣሁት።

ሚያዝያ 17፣ ሰኞ

እሺ፣ ልጻፈው።

የመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ዘጠነኛው ስም የአስረስ ነበር። ጓድ ውበቱ ጎላ አድርጎ ነው የጻፈው። "በንጽሕና ገልብጠሽ አምጪ" ብሎኝ ሄደ። ስምንተኛውን ጻፍኩ። ዘጠነኛው ጋ ስደርስ እናቴ ስትሞት እጄን ይዛ ያለችኝ መጣብኝ፤ "ይህን ልጅ አደራ" ነው ያለችኝ። እጄ ሐሰን ብሎ ጻፈ። እጄ ማለቴ እኔ ነኝ። ለእናቱ አንድ መሆኑን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ጓድ ውበቱ ሳያነብ ፈረመ። የፊተኛውን ወረቀት ምድጃ ከተትኩት።

ሌላ ሃያ ስም መጻፍ እችል ነበር። ለምን የእሳቸውን ልጅ? ቅርብ ስለነበር ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ስሙን ከነአያቱ የማውቀው የእሱን ነበር።

አሁን ሽቦውን መልሼ ነቅዬዋለሁ። ይህንንም ጻፍኩት።

ሚያዝያ 20፣ ሐሙስ

እትዬ ኑርሀያት በጠዋት አውቶብስ ውጫሌ ሄዱ። እህታቸውን እትዬ አሚናትን ሊጠይቁ። ሁለት ቀን ይቆያሉ። ትንፋሽ አገኘሁ።

ሚያዝያ 22፣ ቅዳሜ

ተመለሱ። ደህና ናቸው፣ እንዲያውም ፊታቸው በራ ብሏል። ለአስረስ ከውጫሌ ደብተርና እስክሪብቶ ገዝተውለታል! ጭንቅላቱን ዳበስ አድርገው "በል ተማር፣ ትምህርትህን ጨርስ" አሉት። ልጁ በደስታ ጉልበታቸውን ሊስም ጎነበሰ። ምን ትዝ ብሏቸው ይሆን? ደብተር ገዝተውለት አያውቁም።

ስለ ራዲዮው አንድ ቃል አልጠየቁም። ጾሙ አድክሟቸው ረስተውት ይሆናል።

ሚያዝያ 23፣ እሑድ

ስምንት ሰዓት ላይ በረንዳ አልወጡም። እኔ ቤት መጡና ቁጭ አሉ። ሻሻቸውን አስተካክለው፦

"ተሻለች፣ የምትነግሪኝ ነገር አለሽ?"

"ምን ልንገርዎት እትዬ? ማብሪያው ነው መሰለኝ እንቢ ያለው።"

"ማብሪያው" አሉ። "እሺ። ሶብር ነው። ጊዜ ወስደሽ እይው።"

ሲወጡ ዶሮዋን ከበሩ ላይ እሽ ብለው አባረሩልኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ሚያዝያ 30፣ እሑድ

አልነገርኳቸውም። ዛሬም መጡ፣ ዛሬም ያንኑ ጠየቁ፣ ዛሬም ያንኑ መለስኩ። ዛሬ ያሳበብኩት በድምፅ ማጉያው ነው። በሚመጣው እሑድ የማሳብብበት ዕቃ እየጠፋ ነው።

ግንቦት 3፣ ረቡዕ

አዲስ ትእዛዝ መጣ። ሃያ ሰው። ጓድ ውበቱ፦ "ጽሕፈትሽ ያምራል፣ አንቺው ትገለብጪያለሽ።" ትእዛዙን ሣጥኑ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ግንቦት 7፣ እሑድ

ዝርዝር ገና። ራዲዮ ገና፤ እትዬም ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ መጥተው ጠየቁ። በቃ፣ ሳልነግራቸው ኢዱ አይለፈኝ።

ግንቦት 9፣ ማክሰኞ፣ ኢድ

ጠዋት እሳቸው ሶላት ሲሄዱ ሽቦውን መልሼ በየድኩት። ሲመለሱ ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ራዲዮውን ይዤ ቤታቸው ገባሁና ፊታቸው አበራሁት። መንዙማ ነበር የሚሰማው። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። አላለቀሱም።

"መቼ ነው የሠራሽው?" አሉ።

"ሚያዝያ አሥራ ስድስት።"

"ለቅሶ የሄድኩ ለት።"

"እትዬ፣ ሐሰን በሕይወት አለ። ያን ቀን ሰላምታው ሲነበብ ሰማሁት። ደበቅኩዎት።"

"አሚናት ነግራኛለች" አሉ። "የእሷ ራዲዮ ይሠራል እኮ። ባሏም ሰምቷል፣ መንደሩም ሰምቷል። እንዳለ ነው የነገሩኝ፣ እስከ ስምሽ።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አሉ?"

"ካፍሽ ልሰማው ብዬ። ሦስት እሑድ መጣሁልሽ። ማብሪያ አልሽኝ፣ ማጉያ አልሽኝ። ያሳደግኩት ልጅ መቼ ይነግረኛል ብዬ ወላሂ በየቀኑ ዱዓ አደረግኩ።" "በይ አሁን ንገሪኝ። ልጄ እንዳለው፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ።"

ተንበርክኬ ነገርኳቸው። እግሬን ትንሽ ተመትቼ ነበር፣ ድኛለሁ፣ አታልቅሺ። ለጓደኛዬ ለአስረስ፣ ያንተን ተራ እኔ ይዤልሃለሁ። እዚህ ስደርስ እትዬ ኑርሀያት እጃቸውን አነሱ። በሩ ላይ የሚያዩትን ለማየት ዞርኩ። አስረስ እንኳን አደረሰዎ ሊል በሳህን ዳቦ ይዞ ቆሟል።

"የማንን ተራ?" አለ።

ሁሉንም ነገርኩት። ዳቦውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠና ወጣ። ማታም ቤት አልገባም።

ግንቦት 10፣ ረቡዕ

ጠዋት ቢሮ ስገባ አስረስ ጓድ ውበቱ ፊት ቆሟል። ልብሱ ጤዛ ነክቶታል፣ ሐይቁ ዳር ሳያድር አልቀረም።

"ጀግና ወንድም አለሽ" አለኝ ጓድ ውበቱ። "በፈቃዱ ነው የመጣው። በይ፣ አንደኛ አድርገሽ ጻፊው።"

አስረስ አላየኝም። "ጻፊ" አለኝ እሱም። "ይሄንን ገልብጠሽ ታውቂያለሽ።"

እስክሪብቶውን አነሳሁ። "አስ" ብዬ ጻፍኩ። ሌላውን ፊደል እጄ አልሄድ አለ። ልለምነው አፌን ከፈትኩ፣ ምን ብዬ? በምን አፌ?

እትዬ ኑርሀያት የገቡት ያኔ ነው፤ የኢድ ልብሳቸውን እንደለበሱ። ሰላም ሳይሉ መጥተው አስረስን በክንዱ ያዙት።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ለእናቱ አንድ የሆነ ልጅ አይሄድም ብላችሁ የለ?"

"ብለናል፣ ግን ይህ የእርስዎ..."

"ሐሰን ሄዷል። የቀረኝ ይሄ አንድ ነው። ሕዝቡን ሰብስብና ጠይቅ፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ጊዜ ይህን ደንብ አላየህም፣ ዛሬ እየው።"

ጓድ ውበቱ ፊቱ ቀላ። የፈረመውን እንዳላነበበ በዚያች ሰዓት ትዝ ሳይለው አልቀረም። "ይውሰዱት" አለ፣ ጣራውን እያየ።

አስረስ ግን እንቢ አለ። "እኔ የሐሰንን..."

"ሐሰን የላከልህን ቃል ሰምተሃል" አሉት። "ተራውን ይዤልሃለሁ አለህ እንጂ ና አላለህም። ልጄ በእግሩ የከፈለበትን አንተ ልታፈርስብኝ ነው? ደብተርህን ያዝ።" ያን ጊዜ አለቀሰ፣ እንደ ሕፃን። እሳቸውም ክንዱን ሳይለቁ ይዘውት ወጡ። እኔን አላዩኝም። "አስ" የሚለውን ሰረዝኩት። ከዚያ ማኅተሙንና የሣጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ጽሕፈት በቃኝ አልኩ። ጓድ ውበቱ አስፈራራኝ። የሚያስፈራራኝ እሱ ብቻ ቢሆን ምነኛ ደግ ነበር።

ግንቦት 12፣ ዓርብ

አስረስ እትዬ ኑርሀያት ቤት፣ የሐሰን መደብ ላይ ነው የሚተኛው። አያናግረኝም። ምግብ በር ላይ አስቀምጥለታለሁ፣ ዶሮዋ ትቀድመዋለች። ክፍሉን ልልቀቅ ብዬ ዕቃዬን ማሰር ጀምሬ ነበር።

ግንቦት 14፣ እሑድ

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል እትዬ ኑርሀያት በሬን አንኳኩ። የታሰረውን ዕቃ አዩት።

"የት ነው?"

"እንጃ። ፊትዎን ማየት አቃተኝ።"

"ማየቱን ትለምጂዋለሽ" አሉ። "ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም። ሐሰን ብሏል፣ እሱ የራሱ ነው፤ የኔ ገና ነው። ግን ብቻዬን ልሰማው አልችልም። ሐሰን እስኪመጣ ድረስ እሑድ እሑድ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። ይህን አትሸሺም።"

በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ራዲዮውን ጭናቸው ላይ አደረጉና ማብሪያውን እኔ እንዳዞር በአገጫቸው አመለከቱኝ። አስረስ ከበሩ ኋላ ደብተሩን ገልጦ ተቀምጧል፤ ገጽ ሲገለብጥ ግን አልሰማሁም።

ስሞቹ ጀመሩ። እትዬ ኑርሀያት ቀኝ እጄን ያዙ። አንድ ስም በተነበበ ቁጥር ጠበቅ ያደርጉታል፣ ሌላው ሲጀመር ላላ። አሥራ አንድ ስም ቆጠርኩ። የሐሰን የለበትም። ፕሮግራሙ አልቆ ሙዚቃ ገባ፣ ሙዚቃውም አለቀ። እጄን ገና አልለቀቁትም።